አዋሽን በመጠንም በጥራትም መለካት

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋዎች ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ዓባይና ባሮ የተሸከሙትን ይዘው ድንበር ይሻገራሉ፤ አዋሽ ግን የተቀበለው ሁሉ እዚያው ተፋሰሱ ውስጥ ይቀራል። የአዲስ አበባን ፍሳሽ በትልቁና በትንሹ አቃቂ በኩል፣ የሞጆን ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ በኩል ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1960 በተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ተጠራቅሞ ኃይል ያመነጫል። ከዚያ በታች አዳማ አጣርታ ትጠጣዋለች፣ የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ አገዳ ይለማበታል፣ የአሚባራ እርሻዎች ይጠልፉታል፣ በመጨረሻም የአፋር አርብቶ አደር ከብቱንና ግመሉን ያጠጣበታል። አንዱ የጣለውን ሌላው የሚጠጣበት ወንዝ ስለሆነ በየቦታው ምን ያህል ውሃ እንደሚያልፍና ውሃው ምን እንደያዘ ማወቅ የግድ ነው። ይህን የማሳወቅ ሥራ የተጣለበት የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ግን ከአጠገቡ በየቀኑ የሚያልፉት ሰዎች እንኳ ልብ የማይሉት ነገር ነው።

ጣቢያው አብዛኛውን ጊዜ በድልድይ እግር ወይም በወንዙ ዳር የቆመ፣ በሜትርና በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ሰሌዳ ነው። በአቅራቢያው የሚኖር አንባቢ ጠዋትና ማታ እየሄደ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በመዝገብ ያሰፍራል። ከፍታ ብቻውን ግን ፍሰትን አይነግርም። ስለዚህ ባለሙያዎች በየጊዜው መጥተው የወንዙን ስፋት በቋሚ ክፍሎች ይከፋፍላሉ፤ በእያንዳንዱ ክፍል ጥልቀቱን ለክተው የፍጥነት መለኪያ ያጠልቃሉ። ውሃው ጥልቅ ካልሆነ ከገጽ ወደ ታች የጥልቀቱ 60 በመቶ ላይ አንድ ጊዜ፣ ጥልቅ ከሆነ 20 እና 80 በመቶው ላይ ለክተው አማካዩን ይወስዳሉ። ፍጥነቱ በክፍሉ ስፋትና ጥልቀት ተባዝቶ የሁሉም ክፍሎች ውጤት ሲደመር ፍሰቱ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ይታወቃል። ውሃው ሲጎድልም ሲሞላም ይህ ከተደጋገመ ከፍታንና ፍሰትን የሚያገናኝ መስመር ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የአንባቢው የዕለት ቁጥር በዚህ መስመር ወደ ፍሰት ይለወጣል። ድካሙ ያለው እዚሁ ላይ ነው። አዋሽ ደለል የሚበዛበት ወንዝ ስለሆነ አንድ ኃይለኛ ክረምት የወንዙን ወለል ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ የትናንቱን መስመር ሊያፈርሰው ይችላል። በጎርፍ ሰዓት ደግሞ ወንዙ ውስጥ ገብቶ የሚለካ ስለማይገኝ የመስመሩ ላይኛው ጫፍ በአብዛኛው ግምት ነው። ለድልድይና ለጎርፍ መከላከያ ሠሪዎች ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቁጥር እርግጠኝነት የሚጎድለው ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

የጥራት ምርመራው ሌላ መንገድ አለው። ሙቀት፣ ፒኤች፣ የሟሟ ኦክስጅንና የጨው መጠንን የሚጠቁመው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እዚያው ወንዙ ዳር ይለካሉ። ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ክሮሚየምና ከሰገራ የሚመጡ ባክቴሪያዎች በናሙና ተወስደው በቤተ ሙከራ ይመረመራሉ። ኦርጋኒክ ቆሻሻው ኦክስጅን ምን ያህል እንደሚሻማ ለማወቅ ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 5 ቀን መቆየት አለበት። ሥራው ጥንቃቄ የሚጠይቅ፣ ውጤቱም የተከበረ ነው። እኔ የምቃወመው ሁለቱ ልኬቶች እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መታየታቸውን ነው። የፍሰት ሰሌዳው አንድ ቦታ ተተክሎ ናሙናው ሌላ ቦታና ሌላ ቀን ከተወሰደ፣ የሁለቱም ድካም ግማሹ በከንቱ ይቀራል።

አንድ ጭብጥ ጨው በትንሽ ድስት መረቅ ሲጨመርና በትልቅ ጋን ውሃ ሲበተን ምላስ የሚሰጠው ፍርድ ይለያያል፤ ጨው ግን ያው አንድ ጭብጥ ነው። በቁጥር እንየው። በበጋ በአንድ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ናይትሬት ተገኘ፣ የወንዙም ፍሰት በሰከንድ 5 ሜትር ኩብ ነበር እንበል፤ በየሰከንዱ 10 ግራም አለፈ ማለት ነው። በክረምት መጠኑ ወደ 1 ሚሊ ግራም ወርዶ ፍሰቱ 50 ሜትር ኩብ ከሆነ በየሰከንዱ የሚያልፈው 50 ግራም ነው። ጥራቱን ብቻ ያየ ሰው ወንዙ ጸዳ ይላል፤ ወደ ቆቃ የገባው ናይትሬት ግን አምስት እጥፍ ሆኗል። ከወንዙ በቀጥታ ለሚጠጣ ሰውና ለዓሣ ወሳኙ በየሊትሩ ያለው መጠን ነው። ውሃን ለወራት ይዞ ለሚያቆይ ግድብ ግን የሚከብደው በጠቅላላው የገባው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም የሚመገበው በዚህ ክምችት ነው።

ጥቅሙ በዚህ አያበቃም፤ ሁለቱ አብረው ሲለኩ ብክለቱ ከየት እንደመጣም ይጠቁማሉ። ፍሰቱ ሲጨምር የበካዩ መጠን እየቀጠነ ከሄደ፣ ምንጩ በጋም ክረምትም እኩል የሚለቅ ቧንቧ ወይም ቦይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ጠባይ ይህ ነው። ፍሰቱ ሲጨምር በየሊትሩ ያለው መጠንም አብሮ ከጨመረ ደግሞ ዝናብ ከማሳ፣ ከመንገድና ከቆሻሻ መጣያ እያጠበ እያወረደው ነው። የመጀመሪያው መፍትሔ ማጣሪያና ቁጥጥር፣ የሁለተኛው እርከንና የዳርቻ ዛፍ ነው። ፍሰት ያልተጻፈበት የናሙና ውጤት እነዚህን ሁለቱን መለየት ስለማይችል ገንዘቡ ወደተሳሳተው መፍትሔ ሊሄድ ይችላል።

በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ጉዳዩን ከማንኛውም ክርክር በላይ ያስረዳል። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ የእርሻና የግጦሽ መሬት ውጧል፣ መንገድና የባቡር ሐዲድ አስግቷል። መስፋቱን ለመግታት ጨዋማ ውሃው እየተቀነሰ ወደ አዋሽ እንዲገባ ተደርጓል። ምን ያህል ይለቀቅ የሚለው ውሳኔ በሐይቁ ጨዋማነትና በዚያ ዕለት የአዋሽ ፍሰት ላይ እኩል ይመሠረታል። ወንዙ ሲሞላ ጉዳት የማያደርስ መጠን፣ ወንዙ ሲጎድል በታች ያለውን የመስኖ አፈር ጨው ያደርገዋል። እዚህ ቦታ ላይ ከሁለቱ ልኬቶች አንዱን ይዞ መወሰን አይቻልም።

የሳተላይት ዘመን ላይ ሆነን የእንጨትና የብረት ሰሌዳ ምን ይሠራልናል የሚል ይኖራል። ሳተላይት ዝናብን፣ የሐይቅ ስፋትንና እምቦጭን በሚገባ ያሳያል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የመጠቀው ስዎት የተባለው ሳተላይት እንኳ የወንዝ ውሃን ለመለካት የተሠራው 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ለሚሰፉ ወንዞች ነው፤ አዋሽ አብዛኛው ጉዞው ከዚያ የጠበበ ነው፣ ክሮሚየምም ከሰማይ አይታይም። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መበከሉን ሁሉም ያውቃል፣ ያለችውን ገንዘብ ለመለካት ከማዋል ለማጽዳት አናውላትም ወይ? የአቃቂን መበከል ለማወቅ ቤተ ሙከራ እንደማያስፈልግ እቀበላለሁ። ነገር ግን የማጣሪያ ጣቢያ ከተሠራ በኋላ ለውጥ መምጣቱን የምናውቀው ከግንባታው በፊትና በኋላ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘዴ የተያዘ መዝገብ ሲኖር ነው። አለዚያ በጥሩ የክረምት ዝናብ የቀጠነውን ውሃ ማጣሪያው ያጸዳው ይመስለናል።

ወጪውም ቢሆን የሚፈራውን ያህል አይደለም። በራሳቸው የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን በደለል ይቀበራሉ፣ ዝቃጭ ይለብሳቸዋል፣ ቀስ በቀስም ከትክክለኛው ንባብ ይርቃሉ፤ የሚያመሳክራቸው ሰው ከሌለ የተሳሳተ ቁጥር ሳያቋርጡ ይልካሉ። ናሙና ወሳጁ ሰሌዳው ያለበትን ድልድይ መምረጡና የከፍታውን ንባብ በጠርሙሱ ላይ መጻፉ ምንም አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። ለአንባቢው በወቅቱ የሚከፈል አበል፣ ከክረምት በኋላ ታድሶ የሚለካ መስመርና ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ መዝገብ የሚያኖር ቢሮ ከተገኙ ሥራው በእግሩ ይቆማል።

የውሃ ሥራ ኃላፊዎች ይህን ቅንጅት ሊዘገዩበት አይገባም። የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ስለ አንድ ወንዝ ብክለት ቁጥር ሲቀርብልዎ ናሙናው የት፣ በየትኛው ቀን፣ ፍሰቱ ስንት በነበረበት ሰዓት እንደተወሰደ ይጠይቁ።