«ጎድስፔል»፦ ከስሙ ውስጥ የጠፋው የምሥራች

በአገራችን ልማድ አንድ ሰው ደጅ ደርሶ «የምሥራች!» ሲል፣ ሰሚው «ምስር ብላ!» ብሎ ይቀበለዋል። ዜናው ገና አልተነገረም፤ ደስታው ግን አስቀድሞ መልስ አግኝቷል። በልደት ሌሊት በቤተ ልሔም ምድር ለእረኞች የተነገረውም ብሥራት እንዲሁ መልስ ነበረው፤ እረኞቹ ሰምተው አልተቀመጡም፣ ፈጥነው ሄዱ እንጂ።

ይህ ብሥራት የተጻፈበትን መጽሐፍ «ወንጌል» እንለዋለን። ቃሉ ከጽርዕ «ኤዋንጌሊዮን» የመጣ ሲሆን ፍቺው የምሥራች ማለት ነው። አበው በግእዝ አንደበት አስማምተው እንዳለ ተቀበሉት።

እንግሊዛውያን ግን ሌላ መንገድ ተከትለዋል። እ.ኤ.አ. በ597 ዓ.ም. ከሮም የተላኩ መነኮሳት በኬንት ማስተማር ከጀመሩ በኋላ፣ ክርስትናን የተቀበለው ሕዝብ ቃሉን በገዛ ቋንቋው ተርጉሞ «ጎድስፔል» አለው። «ጎድ» የሚለው ድምፅ ረዝሞ ሲነገር «መልካም»፣ «ስፔል» ደግሞ «ዜና» ማለት ነበር። በ10ኛው መቶ ዓመት አልድሬድ የተባለ ካህን በታወቀው የሊንዲስፋርን ወንጌል ላይ፣ በላቲኑ መስመሮች መካከል የእንግሊዝኛውን ፍቺ ጽፎ ያኖረው ሕዝቡ የሚሰማውን እንዲያስተውል ከሚሻ ከዚሁ መንፈስ ነው።

ይሁን እንጂ ዘመን ሲገፋ የረዘመው ድምፅ አጠረ። ባጠረም ጊዜ «እግዚአብሔር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ተመሳሰለ። ስለዚህ «መልካም ዜና» የነበረው «የእግዚአብሔር ነገር» ተብሎ ይሰማ ጀመር። ወደ ሰሜን ሕዝቦችም በዚሁ ፍቺ ተሻገረ፤ በአይስላንድ ቋንቋ የወንጌል ስም እስከ ዛሬ ይህንኑ ይላል። በእንግሊዝኛው «ጎስፕል» ሆኖ ሲቀር፣ ብቻውን የቀረው «ስፔል» የድግምት መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። «የእግዚአብሔር ነገር» ማለት ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የምሥራቹ ደስታ ከስሙ ውስጥ ወጣ።

እኛስ? በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች፣ በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል የተዘጋጁ መሆናቸውን የካርቦን ምርመራ አመልክቷል። መጽሐፉን በክብር ጠብቀናል። በቅዳሴም ዲያቆኑ ሲያውጅ ቆመን እናደምጣለን፣ ቀርበን እንሳለማለን። ሆኖም «ወንጌል» ሲባል ስንቶቻችን መጽሐፉን ብቻ እናስባለን? ስንቶቻችንስ ደጃችን የቆመውን አብሣሪ እንሰማለን? እንግሊዛውያን የተረጎሙት ቃል በአጠራር ለውጥ ፍቺው ተሰወረባቸው፤ እኛም ሳንተረጉም የያዝነው ቃል በልማድ ብዛት እንዳይሰወርብን ያሰጋናል።

የልደት ማዕድ ሲቀርብ፣ በጉም ሲታረድ፣ የእረኞቹን መንገድ እናስብ። ጎረቤቱ ኀዘንተኛ፣ በሽተኛ ወይም የልጁን ወሬ ከሩቅ አገር የሚጠብቅ ከሆነ፣ ደጁን አንኳኩቶ መግባት ለምሥራቹ የሚሰጥ መልስ ነው። ዜናው መልካም መሆኑን ያ ሰው የሚያውቀው በእኛ መምጣት ሊሆን ይችላልና።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!