ገብስን ጠቅልሎ የሚመጠው ክሽክሽ

በመንዝ ደጋ ዝናቡ ሲቆራረጥ ገብሱ መልኩን ይለውጣል። አርሶ አደሩም ሆነ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ውርጭን ወይም የዝናብ እጥረትን ነው። ቅጠሉ ርዝመቱን ተከትሎ ነጭ ወይም ወይን ጠጅ መስመር አውጥቶ እንደ ሽንኩርት ቅጠል ከተጠቀለለ ግን ውስጡን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። የሩሲያ ስንዴ ክሽክሽ የሚኖረው እዚያ ነው።

ክሽክሽ ሄሚፕቴራ ከሚባለው የነፍሳት ምድብ ነው። ቅጠል ዘላዮችና ነጭ ዝንብም ከዚሁ ወገን ናቸው። የጋራ መለያቸው መርፌ መሰል አፋቸው ነው፤ እንደ ተምች ቅጠል አይቆርጡም፣ ፈሳሹን ይመጣሉ። የክሽክሽ ቤተሰብ አፊዲዴ ይባላል። አብዛኞቹ አባላቱ ከጀርባቸው መጨረሻ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሏቸው፤ የሩሲያው ቱቦዎች ግን እጅግ አጫጭር ናቸው። በአጉሊ መነጽር ከጎን ሲታይ ጅራቱ ሁለት ይመስላል። ርዝመቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቀለሙ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው።

ሴቷ ያለ ወንድ ትራባለች፤ እንቁላል ሳትጥል በቀጥታ ትወልዳለች። አየሩ ሞቅ ካለ የተወለዱት ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው እነሱም መውለድ ይጀምራሉ። ሲጨናነቁ ወይም ሰብሉ ሲደርቅባቸው ክንፍ ያላቸው ይወጡና በነፋስ ወደ ሌላ ማሳ ይሻገራሉ።

ይህ ተባይ በአገራችን በ1965 ዓ.ም. በትግራይ ታይቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ወሎንና ሰሜን ሸዋን አዳርሷል። ለመንዝና ግሼ ነገሩ የሚከብደው ገብስ በበልግም በመኸርም ስለሚዘራ ነው። በልጉ ሳይታጨድ የመኸሩ ቡቃያ አጠገቡ ብቅ ሲል ክሽክሹ መሻገሪያ አገኘ ማለት ነው። ሳይዘራ የበቀለ ገቦና የዳር ሣርም መጠለያው ናቸው። ክረምቱ ሲጠነክር ኃይለኛ ዝናብ ቁጥሩን ይቀንሰዋል፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ግን ጉዳቱ ይከፋል። የተጠቀለለው ቅጠል ዛላውን ይዞ ስለሚያስቀረው ዛላው እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፣ ፍሬውም ይመነምናል።

በዘፈቀደ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። በመንካት ብቻ የሚገድል ፀረ ተባይ ጥቅሉ ውስጥ አይደርስም፤ ይልቁንም ክሽክሽ የምትበላዋን ነጠብጣባም ጥንዚዛ ይፈጃል። ፀረ ተባይ ግድ ከሆነም በባለሙያ ምክር፣ በተክሉ ውስጥ የሚሰራጨው ዓይነት ቢመረጥ ይሻላል።

ገቦውን ከመኸር ዘር በፊት ማረስ አንድ ሥራ ነው። ቀጥሎ በሰኔና በሐምሌ በበልግ ማሳ አጠገብ ያለውን ቡቃያ መጎብኘት፣ ከዳርም ከመሐልም ጥቂት ጥቂት ቅጠል ገልጦ ማየትና ክሽክሽ ከተገኘ ዛላ ሳይወጣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይገባል።