ሲያጠፉት የሚነሳው ጄኔሬተር

የኤሌክትሪክ ባለሙያው የመሣሪያ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሕንፃው ምድር ቤት ወርዷል። ሥራው የሚግል ብሬከር መቀየር ነው። የፓኔሉን ሽፋን አስቀድሞ ፈትቶ ከግድግዳው አስደግፎታል። ከቆጣሪው የሚመጣውን ዋና ብሬከር ሲያወርድ ምድር ቤቱ ይጨልማል። በእጅ ባትሪ እያበራ ካቻቪቴውን ያነሳል። ወዲያው ከግቢው ጥግ ሞተር ያጓራል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላም አምፖሎቹ ቦግ ይላሉ።

እጁ ቀድሞ ፓኔሉ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የሚጠብቀው በፌዝና በፌዝ መካከል 380 ቮልት ነበር። ጄኔሬተሩ ግን አልተበላሸም። የተገዛበትን ሥራ ነው የሠራው።

በሆስፒታል፣ በባንክ፣ በሆቴልና በትልልቅ ፎቆች መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ኤቲኤስ የሚባለው መሣሪያ ነው። በአንድ በኩል የመብራት ኃይል መስመር፣ በሌላ በኩል የጄኔሬተሩ መስመር ይገባበታል፤ በሦስተኛው ወደ ፓኔሉ ይወጣል። የዋናው መስመር ቮልቴጅ ሲጠፋ ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል፣ ሞተሩ እንዲነሳ ያዛል፣ ሞተሩ ፍጥነቱን ሲይዝ ጭነቱን ወደ እሱ ያዛውራል። መብራት ሲመጣም መጽናቱን ጠብቆ ይመልሰዋል። ኤቲኤስ የሚያውቀው ቮልቴጅ መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ነው። መብራቱ ከሰፈሩ ሁሉ ይሂድ ወይም አንድ ሰው በእጁ ያጥፋው፣ ለእሱ ሁለቱም አንድ ናቸው።

እንዲህ ያለ ፓኔል ሲጠፋ ታዲያ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጄኔሬተሩ ነው፤ የመብራት ኃይሉ መስመር ከዚያ በኋላ ይከተላል። ከሁሉ በፊት ግን ሰው ይነገረዋል። ሊፍት ውስጥ ሰው እንዳይቀር፣ በመሣሪያ የሚተነፍስ ታካሚ ካለም ሌላ አማራጭ እንዲዘጋጅለት የግድ ነው።

ከዚያ በጄኔሬተሩ መቆጣጠሪያ ላይ «አውቶ» የሚለው ወደ ማጥፊያው ይዞራል፤ ቀዩ የድንገተኛ ማቆሚያም ይጫናል። የጄኔሬተሩ መውጫ ብሬከር ይወርድና በጓጉንቸር ይቆለፋል። የባትሪ ቻርጀሩ ከጠፋ በኋላ የማስነሻው ባትሪ ገመድ ይፈታል፤ የሚቀድመው ኔጌቲቩ ነው፤ ምክንያቱም ፖዘቲቩን ሲፈቱ ቁልፉ የሞተሩን ብረት ከነካ ብልጭታ ያስነሳል። ባትሪ የሌለው ሞተር በኤቲኤስ ትእዛዝም ሆነ በየሳምንቱ ራሱን እንዲፈትሽ በተሞላለት ሰዓት አይነሳም። አሁን ዋናው ብሬከር ይወርዳል፣ እሱም ይቆለፋል። በሁለቱም ጓጉንቸሮች ላይ የሠራተኛው ስምና «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ካርድ ይንጠለጠላል፤ ቁልፎቹም በራሱ ኪስ ይገባሉ። የቆለፈው ሰው ራሱ ካልሆነ በቀር ማንም አይከፍትም።

ብሬከር ወረደ ማለት ግን ሁሉም ነገር ሞተ ማለት አይደለም። ከቆጣሪው የሚመጣው ገመድ የሚታሰርበት የዋናው ብሬከር መግቢያ ብሬከሩ ወርዶም ቮልቴጅ አለው። ሕንፃው ዩፒኤስ ወይም የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር ካለውም ሦስተኛና አራተኛ ምንጭ አለ ማለት ነው፤ እነሱም ተፈልገው ይጠፋሉ።

ቀጥሎ ልኬት ይመጣል። በካቻቪቴ መልክ የተሠራችው ባለ ትንሽ አምፖል ቴስተር ለዚህ አትበቃም፤ አምፖሏ ተቃጥሎ ከሆነ የማትበራው ቮልቴጅ ስለሌለ ይሁን ስለተበላሸች አይለይም። ባለሙያ መልቲሜትሩን መጀመሪያ ቮልቴጅ እንዳለው በሚያውቀው ቦታ ይሞክራል። ከዚያ ፓኔሉን ፌዝ ከፌዝ፣ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከኤርዝ እያለ ይለካል። በመጨረሻ ወደዚያው ወደሚያውቀው ቦታ ተመልሶ መልቲሜትሩ አሁንም መሥራቱን ያረጋግጣል። ዜሮ የሚታመነው ከዚህ ሦስተኛ ልኬት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ በሌላው ዓለም በደንብ የተጻፈ ነው። በጀርመን የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚማሯቸው አምስት ሕጎች ማጥፋት፣ እንዳይመለስ መቆለፍ፣ መለካት፣ ከመሬት ጋር ማገናኘት፣ በአጠገብ ያለውን ሕያው ክፍል መሸፈን የሚሉ ናቸው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1989 የኃይል ምንጭን ቆልፎ ካርድ የማንጠልጠልን ደንብ ለፋብሪካዎች አውጥታለች።

ኤቲኤስም ሆነ ምንጭን በእጅ የሚያዛውረው ቼንጅኦቨር በሌለበት ቤት አደጋው ከግቢው ይወጣል። አንዳንዱ ትንሽ ጄኔሬተር ገዝቶ በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ባለው ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ያገናኘዋል። ዋናው ብሬከር ካልወረደ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ይፈስሳል። 15,000 ቮልትን ወደ 400 ዝቅ የሚያደርገው የሰፈሩ ትራንስፎርመር በተገላቢጦሽ ሲሠራ ደግሞ የጄኔሬተሩን 220 ቮልት ወደ ሺዎች ከፍ ያደርገዋል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ የሚያገኘው ይህ ነው። እንዲህ ያለ ገመድ ያለው ሰው ዛሬውኑ ይጣለው፤ በእጅ የሚዞር ቼንጅኦቨር ያስገጥም።

የሕንፃ ባለቤቶችም በየፓኔሉ በር ላይ አንድ ወረቀት ይለጥፉ። ይህ ፓኔል ስንት ምንጭ እንዳለው፣ ጄኔሬተሩ የት እንደቆመ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚጠፋ ይጻፍበት። ነገ ለጥገና የሚመጣው ሰው ሕንፃውን የማያውቅ ሊሆን ይችላል።