ከአራዳ ግቢ እስከ አዲሱ መንደር፦ ስለ ማኅበራዊ ሠራተኛው የሥራ ድርሻ

ሥራ ማለት ውጤቱ በኩንታል የሚመዘን ወይም በሜትር የሚለካ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በመካከላችን ሥር ሰድዶ ቆይቷል። በዚህም የተነሣ የማኅበራዊ ሠራተኛው ድካም ከምጽዋት ጋር ሲደባለቅ እናያለን። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ካለባቸው ወገኖቻችን ጋር የሚሠራ ባለሙያ አንድ ወጣት ሸሚዙን ራሱ እንዲቆልፍ ለማስተማር ወራት ሊፈጅበት ይችላል። ወጣቱ ሸሚዙን መቆለፍ በቻለ ጊዜ ግን እናቱ ጠዋት ሥራዋ ላይ በሰዓቱ መገኘት ትጀምራለች። ይህን ሠርቶ አደሩ ሊያጤነው ይገባል።

ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፍቶ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በማስተርስ ደረጃ እንደገና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ በዘለቀው ክፍተት ሸክሙ በአመዛኙ በእናቶች ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ልጁን እንደ እርግማን የሚቆጥረው ኋላ ቀር አመለካከትም በርን አስዘጋ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሙያቸው የውበት ሥራ ነበር። ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት፣ ትምህርት ቤትም ስላልተገኘለት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ራሳቸው ማዕከል አቋቋሙ፤ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ለዚሁ ዓላማ ሠሩ።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ የነበሩ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ቤቶቹ ያረጁና የተጨናነቁ፣ መጸዳጃቸውም በአብዛኛው የጋራ እንደ ነበር አንክድም። ይሁን እንጂ አድራሻውን መናገር የማይችል ወጣት በአራዳ መንገዶች ቢወጣ ሊስትሮው ያውቀዋል፤ ባለ ሱቁ ይጠራዋል፤ የታክሲ ተራ አስከባሪው እጁን ይዞ ያሻግረዋል። ለዚህ ጥበቃ ደመወዝ የተከፈለው የለም፤ በመዝገብም አልሰፈረም። ቤት ሲቆጠር አብሮ የሚቆጠር ነገር አይደለምና በጭነት መኪናም አይጫንም።

እንግዲህ ማኅበራዊ ሠራተኛው በአዲሱ መንደር የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ በደጃፉ ላይ ወጣቱ የሚለየው ምልክት ይደረጋል። ከቤት እስከ ሱቅ ያለውን መንገድ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አብሮት ይሄዳል፤ ከዚያ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከዚያ ሃያ። ከጥበቃው፣ ከጎረቤቱ፣ ከዕድሩ ዳኛ ጋር ያስተዋውቀዋል። አድካሚ ሥራ ነው፤ የሚታይ ሐውልትም የለውም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዝዛል። አፈጻጸሙን ከበላይ አካል ብቻ መጠበቅ ግን አይበቃም። የነዋሪዎች ማኅበራት ስለ ውኃ ፓምፕና ስለ ጥበቃ ደመወዝ በሚወያዩበት ስብሰባ ላይ፣ በየሕንፃው በር ተዘግቶበት የሚውል ሰው እንዳለና እንደሌለ ይጠይቁ። ያን ጊዜ ባለሙያው የትኛውን ፎቅ እንደሚያንኳኳ ያውቃል።