ዘይቱ ከየትኛው ጥጥ ነው?

ዘረመሉ የተለወጠ ምግብ ነገር ሲነሳ ደሴ ላይ ጣት የሚቀሰረው ስንዴ ላይ ነው። በ1966 እና በ1977 ረሃብ የእርዳታ እህል የበላ አገር የፈረንጅ ስንዴን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ይሁንና አሜሪካ እንዲህ ያለ ስንዴ ለገበያ አላመረተችም። አቀንጭራን የሚቋቋመው የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ማሽላም በተለመደው ማዳቀል የተገኘ ነው። በእርዳታ የሚመጣው የአሜሪካ አኩሪ አተር ዘይት ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ከሚዘራው አኩሪ አተር ከ90 በመቶ በላይ ዘረመሉ የተለወጠ ነው።

በአገር ውስጥ ደግሞ ነገሩ በጥጥ በኩል ገባ። ለጨርቃ ጨርቅና አልባሳት የተሠራው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በማግስቱ ዓመት መንግሥት ዘረመላቸው ተለውጦ ጓይ ትልን የሚቋቋሙ ሁለት የህንድ ቢቲ ጥጥ ዲቃላዎች እንዲዘሩ ፈቀደ። ጥጥ ይለበሳል እንጂ አይበላም ተባለ። ያልታሰበው ፍሬው ነው። ጥጥ ሲዳመጥ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፍሬ ወደ መጭመቂያ ይሄዳል፤ ዘይቱ ለሽሮ ወጥ፣ ፋጉሎው ለበሬና ለላም።

ጥንቃቄው ከእኛ ጠፍቶ አይደለም። ጥር 1992 ሞንትሪያል ላይ በጸደቀው የካርታኼና የደህንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ድርድር የአፍሪካን ቡድን የመሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ም ጥብቅ ስለነበር ተመራማሪዎች በር ዘጋብን አሉ። በ896/2007 ላላ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጥጡ ተፈቀደ።

ምልክት ይለጠፍ ቢባል የት? ሰኞ ገበያ ማሽላው ከነጆንያው ተከፍቶ በጣሳ ይሰፈራል። የሚለጠፍበት ያለው የዘይት ጠርሙሱ ብቻ ነው፤ እሱም ፈተና አለው። በደንብ በተጣራ ዘይት ውስጥ የተለወጠው ዘረመል ዱካ አብዛኛውን ጊዜ በምርመራ አይገኝም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ምልክት የምታስገድደው አሜሪካ እንዲህ ያለውን ዘይት ነጻ ታደርገዋለች። አውሮፓ ግን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከዘይቱ ምርመራ ይልቅ ሰነዱን ይከተላል፦ ዘሩ ከየት መጣ፣ ማን ዳመጠው፣ ለማን ተሸጠ?

እኔ የአውሮፓን መንገድ እመርጣለሁ። ዘይቱ መርዝ ነው ብዬ አይደለም፤ ለዚያ ማስረጃ አላየሁም። የምትገዛው እናት ግን የምታበስልበትን ማወቅ አለባት። መዝገቡ ከመዳመጫው ካልጀመረ የቢቲውና የተራው ጥጥ ፍሬ እዚያው ይቀላቀላል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይለየውም። ወጪውንም ትንሹ ዘይት ጨማቂ ብቻውን ሊሸከም አይገባም፤ የመጀመሪያውን ገጽ መሙላት ያለበት ዘሩን ያስገባው ኩባንያ ነው።