ውዳቂ ጠባቂ ሲያገኝ

በሰሜን ሕንድ የምትገኘው ቻንዲጋር በወረቀት ላይ ታቅዳ የተሠራች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ላሆር ለፓኪስታን ደረሰች፤ መዲና ላጣው የሕንድ ፑንጃብም አዲስ ከተማ አስፈለገ። ንድፉን የመሩት ታዋቂው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ ነበሩ። ከተማዋ ግን ባዶ ሜዳ ላይ አልቆመችም። በስፍራው የነበሩ ከ20 በላይ መንደሮች ፈርሰውላታል። የቤቱ ድንጋይ፣ የማጀቱ ሸክላ፣ የሴቶቹ አምባር ሁሉ ፍርስራሽ ሆኖ ተጣለ።

ያንን ፍርስራሽ ያነሱት ኔክ ቻንድ የተባሉ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ናቸው። በ1947ቱ ክፍፍል እርሳቸውም የተወለዱበትን መንደር ጥለው የተሰደዱ ሰው ነበሩ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሥራ ሲወጡ እንደ ቁራሌው ውዳቂ እየለቀሙ በብስክሌታቸው ወደ አንድ ጫካ ያጓጉዙ ጀመር። ጫካው ግንባታ የተከለከለበት የመንግሥት መሬት ስለነበር ሥራው ከ10 ዓመት በላይ በድብቅ ቆየ።

አሠራራቸውን ቀረብ ብሎ ላየው ያስደንቃል። የአሮጌ ብስክሌት ኮርቻ የእንስሳ ራስ፣ ሹካው እግር፣ ፍሬሙ ገላ ይሆናል። ይህ አጽም በአሸዋና በሲሚንቶ ይለበጣል። የላይኛው ሲሚንቶ ሳይደርቅ ስባሪ ሳህን፣ የሴራሚክ ቁራጭ ወይም የአምባር ስብርባሪ አንድ በአንድ ይተከልበታል። ከዚህ ከተሰባበረ አምባር የተሠራ ባለቀለም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች በረድፍ ቆመዋል። ግድግዳዎቹ ውስጥ የተበላሹ የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ተሰክተዋል። መተላለፊያ በሮቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ የሚገባ ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ ጎንበስ ማለት ግድ ይለዋል።

በ1970ዎቹ ምስጢሩ ሲወጣ ሕጉ አፍርሱት ይል ነበር። ሕዝቡ ግን ሊያይ ጎረፈ፤ የከተማዋ አስተዳደርም ቦታውን በ1976 ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ለኔክ ቻንድ ደመወዝና 50 ሠራተኞች ተመደቡላቸው፤ በከተማዋም ውስጥ ጨርቅና ስባሪ ዕቃ የሚሰበሰብባቸው ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ዛሬ ሮክ ጋርደን የሚባለው ስፍራ ከ10 ሄክታር በላይ ይሸፍናል።

ሆኖም አንዴ የተሰጠ ጥበቃ ለዘለቄታው አልጸናም። በ1990 መንገድ ለማውጣት ቡልዶዘር ሲመጣ ነዋሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው መለሱት። በ1996 ኔክ ቻንድ አሜሪካ ሳሉ የከተማዋ ድጋፍ ተቋረጠና ሐውልቶቹ በአጥፊዎች ተሰባበሩ። እርሳቸው በ2015 በ90 ዓመታቸው አረፉ። በ2025 ደግሞ ለመንገድ ማስፋፊያና ለአጎራባቹ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መኪና ማቆሚያ ሲባል ከሮክ ጋርደኑ አጥር ከፊሉ ፈረሰ። ይኸው የፍርድ ቤት ሕንፃ ያለበት የሌ ኮርቡዚዬ ሕንፃዎች ስብስብ በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የቻንዲጋር ታሪክ የሚነግረን ነገር በዚህ ንጽጽር ውስጥ አለ። ከተማዋ የታቀደላትን ቅርስ ብላ ስትጠብቅ፣ ለዕቅዱ ሲባል ከፈረሰው የተሠራውን መንገድ ወይም መኪና ማቆሚያ ባስፈለጋት ቁጥር ልትቀንሰው ትሞክራለች። ውዳቂ ዋጋ አለው ማለት ቀላል ነው፤ ጎብኚ ሲበዛ ሁሉም ይለዋል። ዋጋው የሚለካው ግን መሬቱ ለሌላ ነገር በሚፈለግበት ቀን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ አዛውንት ትጋትና በነዋሪዎች ቁጣ ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባም። ወሰኑ በሕግ ይከበር፤ ጠጋኝ ባለሙያ ይመደብለት፤ በጀቱም በየዓመቱ ይያዝ። መንደሮቹን ያፈረሰች ከተማ ከእነርሱ የተረፈውን የመጠበቅ ዕዳ አለባት።