የአእምሮ ሕክምና መሣሪያና የተጠቃሚዎቹ ምክር

ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ቁመት ሳይለካ ጨርቅ አይቆርጥም። እንዲሁም ለሐኪም ቤት የኮምፒዩተር መሣሪያ የሚሠራ ወይም የሚያስመጣ ነጋዴ መሣሪያው የሚያገለግላቸውን ሰዎች ሳይጠይቅ ገንዘቡን ሊያወጣ አይገባውም። ይህ ደንብ በተለይ በአእምሮ ሕክምና ይጸናል። ሕመምተኛውን የሚያስጨንቀው ነገር በራጅ የሚታይ ስላልሆነ ከራሱ ይልቅ አጥርቶ የሚያውቀው የለም፤ መሣሪያውን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሱትም አስታማሚዎች ናቸው።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው በኢንግላንድ የተሠራው ጌምቼንጅ የተባለው የሕክምና ፕሮግራም ነው። ሳይኮሲስ በተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተያዙት ሰዎች ብዙዎቹ ከፍርሃት የተነሣ ከቤት መውጣት ይቸግራቸዋል፤ ገበያ መሄድና በአውቶቡስ መሳፈር እንኳ ይከብዳቸዋል። ይህን በንግግር የሚያክሙ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ጥቂቶች ስለ ሆኑ፥ በፕሮፌሰር ዳንኤል ፍሪማን የሚመራው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሕክምናውን በዓይን ላይ በሚደረግ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መሣሪያ ለመስጠት ተነሣ።

ፕሮግራሙን የነደፉት ግን የኮምፒዩተር ሊቃውንት ብቻ አይደሉም። የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት የንድፍ ባለሙያዎችና ማክፒን ፋውንዴሽን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሕመሙን በራሳቸው ላይ ያዩ ሰዎችን አማከሩ። በመሣሪያው ውስጥ የሚታዩት 6 ስፍራዎችም ከዕለት ኑሮ የተወሰዱ ናቸው፤ እነርሱም ቡና ቤት፥ ሱቅ፥ መጠጥ ቤት፥ መንገድ፥ የሐኪም ተራ መጠበቂያ ክፍልና አውቶቡስ ናቸው። እያንዳንዱ ስፍራ ከቀላል ወደ ከባድ የሚያድጉ 5 ደረጃዎች አሉት። በመሣሪያው ውስጥ የሚታይ መካሪ ሕመምተኛውን ይመራዋል፤ የጤና ሠራተኛም በአጠገቡ ሆኖ ይረዳዋል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2019 እስከ 2021 ድረስ በ346 ሕመምተኞች ላይ ፈተና ተደረገ፤ ውጤቱም በ2022 ታተመ። ሕክምናውን ያገኙት ሰዎች በ6ኛው ሳምንት ፍርሃታቸውና ከሰው መሸሻቸው ቀንሶ ተገኘ። ከ6 ወር በኋላ በጠቅላላው ልዩነቱ ባይዘልቅም፥ ፍርሃቱ እጅግ የጸናባቸው ሰዎች ከሌሎቹ የበለጠ ተጠቅመዋል። በ2023 ናይስ የተባለው የብሪታንያ የጤና መካሪ ተቋም ተጨማሪ ማስረጃ እየተሰበሰበ ፕሮግራሙ በመንግሥት የጤና አገልግሎት ውስጥ እንዲሠራበት ፈቀደ።

ምክሩ በዚህ አላበቃም። ፕሮግራሙን ተኝተው ለሚታከሙ ሰዎች ለማዋል በታሰበ ጊዜ፥ የሐኪም ቤት ሠራተኞችና ሕመምተኞች እንደ ገና አሳባቸውን ተጠየቁ። ለመኖሪያ ቤት የተስማማ መሣሪያ ለሐኪም ቤት ክፍል ሳይስማማ ሊቀር ይችላልና። ጸጥ ያለ ክፍል ይገኛልን? መሣሪያውን ማን ያጸዳዋል? ባትሪውንስ ማን ይሞላዋል? ሠራተኛው ሥራ በበዛበት ቀን ጊዜ ያገኛልን? ሕመምተኛው በመካከል ቢደነግጥ ምን ይደረጋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላዘጋጀ ሻጭ ዕቃው ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ይቀርበታል፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን መዳን የሚችለው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ የምክሩ ወጪ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ከመጀመሪያው ተቆጥሮ ቢገባ ለሻጩም ለገዢውም ይበጃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ በፊት ያልተጠየቀው ነገር በኋላ ሁለት እጥፍ ያስከፍላል።